ደወሉ የት ደረሰ

በሙዚየሙ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም «ጡሩንባ» ናት። ቅጽል ስሙ የወጣላት በደጉ ጊዜ ነው። ያለ ምንም ማይክ፣ ከድሮው የከተማ በር ተነስታ እስከ ድልድዩ ድረስ አርባ ጎብኚ አስከትላ ስትሄድ፣ ከኋላ የሚንቀራፈፈው ሰው እንኳ አንድ ቃል አያመልጠውም ነበር። አሁን ጡሩንባው ዝጓል። ከሰዓት በኋላ እግሯ ያብጣል፤ ጉሮሮዋ አሸዋ የዋጠች ይመስል ይከረክራታል። ታሪኩን ግን እንደ ውሃ ስለጠጣችው አፏ ሳያስቸግራት በራሱ ይሄድላታል። አፏ ስለ ጥንት ዘመን ሲያወራ ሐሳቧ ቤቷ ገብቶ ሽንኩርት ይልጣል፣ ባሏ የወገቡን መድኃኒት መዋጥ አለመዋጡን ይጠይቃል፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ያያል።

የጉብኝቱ አራተኛ ማረፊያ የደወል ሠሪው ቤት ነው። በሁለት ሰፋፊ ሕንፃዎች መሀል ተጨንቆ የቆመ፣ ቀጭን ቤት። ምድር ቤቱ የተዘጋ ሱቅ ነው፤ ፎቁ ላይ አንድ መስኮት አለ። ጡሩንባ ዘወትር ከመስኮቱ ሥር ትቆምና እንዲህ ትላለች፦

«እንግዲህ ያን የከተማውን ትልቅ ደወል የሠራው ሰው የኖረው እዚህ ቤት ነው። ምግብ ሲደርስ ሚስቱ በዚች መስኮት ብቅ ትልና፣ ወንዝ ዳር ወዳለው መሥሪያ ቦታው ‹ና ብላ!› ብላ ትጣራለች። ድምፅ ነበራት አሉ። በተጣራች ቁጥር የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እጁን ታጥቦ ይመጣል…»

እዚህ ላይ ዝም ትላለች። ዝምታው የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ቢያጥርም ቢረዝምም ነገሩ ይበላሻል።

«…ከባሏ በስተቀር። ደወል ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮው ደንቁሯል።»

ሰዉ ይስቃል። በስንት ዓመት ሥራዋ አንድም ቡድን ሳይስቅላት ቀርቶ አያውቅም። ሳቁ ሳይበርድ፣ «ደወሉ መጨረሻው ምን እንደሆነ ድልድዩ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ፤ ተከተሉኝ» ትልና መንገዷን ትቀጥላለች።

የዚያን ቀን ግን ሳቁ ሳይበርድ ውሃ ወረደ። የእቃ እጣቢ ነው፤ ከነቅባቱ፣ ከነሩዝ ፍሬው። ካሜራ ያንጠለጠለ አንድ ወፍራም ሰውዬ በአናቱ ተቀበለው። ሁሉም ቀና ሲል ሳፋ የያዘ የአሮጊት ክንድ ወደ ውስጥ ገባና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።

«ይሄም የትዕይንቱ ክፍል ነው?» አለች አንዲት ጎብኚ።

«አይ እመቤት፣ ይሄ እንኳ የዛሬ ነው» አለች ጡሩንባ፣ በመሃረቧ የሰውዬውን ካሜራ እየጠረገች።

አለቃዋ ልጅ እግር ነው፤ ግን የዘመን እንቅልፍ ያለበት ይመስል ዓይኑ ጎድጉዷል። አቤቱታውን ሰምቶ ሲጨርስ ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«እትዬ፣ ባለፈው ሳምንት አመድ ነበር፤ ዛሬ እጣቢ። ነገ ምን እንደሚወርድ እግዜር ይወቅ። እባክዎ ሄደው ያነጋግሯቸው።»

«የሚደፋብኝም እኔ፣ ለምና አስታራቂዋም እኔ?»

«ሌላ ማን አለኝ?» አለ።

እውነቱን ነው። ሙዚየሙ ውስጥ የቀሩት እሱ፣ እሷና ቲኬት ሻጩ ብቻ ናቸው።

በማግስቱ የመጨረሻውን ቡድን ሸኝታ ወደ ቀጭኑ ቤት ሄደች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ እየቆመች፣ ጉልበቷን እያባበለች ወጣች። አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ከታች የምቆመው… አስጎብኚዋ።»

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። አንዲት ቀጭን አሮጊት ሽርጧን እንደታጠቀች በክፍተቱ አየቻት።

«ድምፅሽን መች አጣሁትና። ልትጣዪኝ ነው የመጣሽው?»

«ኧረ በጭራሽ! ትንሽ ልቀመጥ ነው የመጣሁት። እግሬ አልቋል።»

አሮጊቷ ቁልቁል እግሯን አየች። ከጫማው አፍ ተርፎ የወጣውን እብጠት አየችና ሰንሰለቱን ፈታችው።

ክፍሉ አንድ ነው፤ ከጀርባው ትንሽ ወጥ ቤት አለው። መስኮቱን ተጠግቶ አንድ አልጋ ተነጥፏል፤ አንሶላው ተወጥሮ፣ ትራሱ ሳይጎደጉድ። መደርደሪያው ላይ የመድኃኒት ጠርሙሶች እንደተሰለፉ አሉ። ጡሩንባ ባለችው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አሮጊቷ ከአልጋው ጫፍ።

«እዚች ላይ ሁለት ዓመት ተኛ፣ ባሌ» አለች። «ከወገቡ በታች በድን ሆኖ። ጠያቂ የለው፣ ሬዲዮ አይወድ። አንቺን ነበር የሚጠብቅሽ። ድምፅሽ ከማዕዘኑ ሲሰማ ‹ጡሩንባዬ መጣች፣ መስኮቱን ክፈቺ› ይለኛል።»

«ጡሩንባ ነው ያሉኝ?»

«ምን ይበልሽ ታዲያ? ዋሽንት?»

አሮጊቷ ቀኝ እጇን አንስታ ጣቷን ቀሰረች።

«‹የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እጁን ታጥቦ ይመጣል› ስትይ እንዲህ አድርጎ ዝም ያሰኘኛል። ከዚያ ካንቺ እኩል ‹ከባሏ በስተቀር!› ይልና ይስቃል። በየቀኑ! እኔን እንኳ ታክቶኛል፤ ለሱ ግን እንደ አዲስ ነበር። ኋላ ሞተ። እሱ ሲሞት አንቺ አልቀረሽም። እቃ ሳጥብ መሞቱን እረሳዋለሁ፤ ድምፅሽን ስሰማ መስኮቱን ልክፈትለት ብዬ ብድግ እላለሁ። ዞር ስል አልጋው ይሄው። ሰዉ ደግሞ ከታች ይንከተከታል። ምን ላድርግ? በእጄ የያዝኩትን ደፋሁት።»

ጡሩንባ የእንጀራዋ ገመድ ምላሷ ነው፤ የዚያን ሰዓት ግን ከአፏ የወጣው ሁለት ቃል ነው። «ነፍስ ይማር» አለች፤ ቃሉ ለራሷም ቀለለባት። ቆይታ፣ «እሺ ምን ላድርግ እማማ? ይንገሩኝና ላድርገው» አለች።

«እኔ ምን አውቄ። ደክሞኛል ልጄ።»

«እኔም ደክሞኛል።»

«ታዲያ ተቀመጪያ። ማን ተነሺ አለሽ?»

ጥቂት ተቀመጡ። ከታች አንድ መኪና አለፈ፣ አንድ ሱቅ ተዘጋ። ከዚያ ጡሩንባ ተነስታ ደረጃውን ወረደች።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወገቡ እንጂ አፉ አልተጎዳም።

«እኔ የሞትኩ ለት እንግዲህ በሬዲዮ የምሰማውን የኳስ ጨዋታ አስተላላፊ በምን ልትመቺው ነው?»

«በመጥበሻ» አለችው፤ ግን ፊቷ አልሳቀም፤ እሱም አይቶ ነገሩን ተወው።

ከዚያ ወዲያ ቡድኑን ይዛ በቤቱ ሥር ሳትቆም ማለፍ ጀመረች። ታሪኩን ማዕዘኑን ከዞረች በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትነግራቸዋለች። ግን መስኮቱ ሳይታይ ነገሩ አይሆንም፤ ሰዉ ፈገግ ብሎ ሰዓቱን ያያል። ደግሞ የሙዚየሙ በራሪ ወረቀት ላይ የወጣው ሥዕል ያው መስኮት ነው። «የደወል ሠሪው ቤት የታል?» እያሉ የሚመለሱ በዙ፤ ወሬው አለቃዋ ጋ ለመድረስ አልዘገየም።

«አውቃለሁ እትዬ፣ አውቃለሁ» አላት ገና ከመቀመጧ። «ግን የድሮ ዘመን ቀን ደረሰብኝ።»

የድሮ ዘመን ቀን በዓመት አንዴ ሙዚየሙ መንገዱን ዘግቶ ሰዎችን የጥንት ልብስ የሚያለብስበት ቀን ነው። ቀጥቃጭ ይቀጠቅጣል፣ ሸማኔ ይሸምናል፣ ቃፊር ጦር ይዞ ይቆማል፤ የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ሙዚየሙ ዓመቱን ሙሉ በሱ ነው የሚታወቀው።

«ዘንድሮ ተዋናይት አግኝቻለሁ» አለ። «የደወል ሠሪው ሚስት ሆና ከዚያ መስኮት ትጣራለች። እባክዎ መስኮቱን እንዲያውሱን ይጠይቁልኝ። የምስጋና ወረቀት እንሰጣቸዋለን፣ በፍሬም።»

«ፍሬሙን ከላይ እንዳይመልሱልን ብቻ» አለች ጡሩንባ።

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ አቅም አጣች። ደግሞ ፊቱን ስታየው አንጀቷን በላት፤ ሸሚዙ እንኳ ቁልፉ ተዛንፎ ነው የተቆለፈው።

በዚያው ቀን ሁለት ቡድንና አንድ የተማሪ ክፍል አስጎብኝታ፣ ድምፅዋ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ እያለ ሄደች። አሮጊቷ የዚህን ጊዜ ሰንሰለቱን አላሰረችም። የመጣችበትን ጉዳይ ሰምታ፣ የፍሬሙ ነገር ላይ ስትደርስ በአፍንጫዋ ሳቀች።

«መጀመሪያ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደወሉ የት ደረሰ?»

«የቱ ደወል?»

«የቱ ደወል ትለኛለች! ‹ድልድዩ ጋ እነግራችኋለሁ› እያልሽ ሰዉን ነድተሽው ትሄጂ የለም እንዴ? እኛ እዚህ ቀረን። እሱ መሄድ አይችል፣ እኔ እሱን ትቼ አልሄድ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራከርንበት። እሱ ተሰርቋል ይላል፤ እኔ አቅልጠውታል እላለሁ። ‹አንድ ቀን ውረጂና ጠይቂያት› ይለኛል፤ ‹ነገ› እለዋለሁ። ነገ ነገ ስል…» እጇን አራገፈች።

«ደወሉማ…» ብላ ልትጀምር ስትል አሮጊቷ አቋረጠቻት።

«እንዲህ አይደለም። ከበሩ ጀምሪ። ለሰው እንደምታወሪው አድርገሽ። እኛ የምናውቀው አራተኛውን ብቻ ነው።»

ጡሩንባ ማልቀስ ቃጣት። ቀኑን ሙሉ ሦስት ጊዜ ያወራችውን ነገር፣ በተቃጠለ ጉሮሮ፣ ለአንድ ሰው፣ አራተኛ ጊዜ! ግን አሮጊቷ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙራላት፣ ራሷ አልጋው ጫፍ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቲኬት እንደቆረጠ ሰው ተቀምጣለች። ጀመረች። ስለ ድሮው በር አንድ ዓይና ዘበኛ፣ ኮንትሮባንዲስቶች ሁልጊዜ በማያይበት ዓይኑ በኩል ስለማለፋቸው አወራች። ስለ ጉድጓዱ፣ ሁለት እህትማማቾች በአንድ ባልዲ ተጣልተው እስኪሞቱ ድረስ ስላለመነጋገራቸው። ስለ ሚዛን ቤቱ። አራተኛው ጋ ስትደርስ አሮጊቷ ጣቷን ቀሰረች፤ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ከዚያ «ከባሏ በስተቀር» ያለችው አሮጊቷ ናት። አልሳቁም። ጡሩንባ ወደ ዳቦ ቤቱ አለፈች። ስለ ትልቁ ምድጃ እያወራች ቃሉ ጠፋት፣ ፈለገችው፣ አገጯ ደረቷ ላይ ወደቀ።

ስትነቃ ፀሐዩ ከአልጋው ላይ ወርዶ ግድግዳው ላይ ደርሷል። ጫማዋ ወልቋል፤ እግሯ በርጩማ ላይ ተሰቅሏል፤ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ አለ። አሮጊቷ ተመልሳ እዚያው ቦታዋ ተቀምጣለች።

«ውይ በሞትኩት! ቢቀሰቅሱኝ ምናለ!»

«ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው ትንሽ ቢቆይ ምን ይሆናል? ዳቦ ቤቱ ጋ ነበርሽ። ቀጥዪ።»

ጡሩንባ ፊቷን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችና ቀጠለች።

«ደወሉን በጋሪ ጭነው ድልድዩን ሊያሻግሩት ሲሉ የጋሪው እግር ተሰበረ። ደወሉ ድንጋዩ ላይ ወደቀና ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀ ደወል ደግሞ ቢመቱት ድምፁ የድስት ነው። ሰቅለውት ምን ያድርጉ? ያው ወንዝ ዳር መለሱትና አቀለጡት። ቁልፍና ማጠፊያ አደረጉት። የዚህ ከተማ ግማሹ በር የሚዘጋው በሱ ነበር ይባላል።»

«አቀለጡት?»

«አቀለጡት።»

«አልተሰረቀም?»

«አልተሰረቀም እማማ።»

«አሸነፍኩት!» አለች አሮጊቷ። ፊቷ እንደ ልጅ ፊት በራ። ደስታዋን ይዛ፣ አፏን ለወሬ ከፍታ ወደ ትራሱ ዞረች። ትራሱ እንደተነጠፈ ነው። እዚያው ዞራ ቀረች።

«አሁን የት አባቱ አግኝቼ ልንገረው?» አለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ።

ጡሩንባ በባዶ እግሯ ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች። ድምፅም አልቀራትም። አሮጊቷ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ብዙ ቆየች። ሲበቃት ተነስታ ሻይ ጣደች።

«መስኮቱን ይውሰዱት» አለች ከወጥ ቤት። «ወረቀቱን ግን ይተዉት። ሚስማር የሚመታልኝ የለም።»

በድሮ ዘመን ቀን ጧት ጡሩንባ አፏን ብትከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሐኪሙ ጉሮሮዋን በመብራት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ማንሾካሾክም ጭምር ክልክል ነው። ይሄ ጉሮሮ ዕረፍት ካላገኘ ሌላ ጊዜ አይመለስም» አላት። አለቃዋ የቃፊር ልብስ ለብሶ፣ የተለጠፈ ጢሙ በአንድ በኩል ተገንጥሎ፣ ስለ ድምፅዋ ሲነገረው ጦሩን ተደግፎ ቀረ። ጉብኝቱን ለቲኬት ሻጩ ሰጠው። ሌላ ማን አለው?

እሷ ቤቷ ገብታ መተኛት ትችል ነበር። ግን ተዋናይቷ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ከአሮጊቷ ጋር ምን እንደምትሆን ስታስበው አላስቻላትም፤ ደረጃውን ወጣች። ተዋናይቷ ሰፊ የጥንት ቀሚስ ለብሳ፣ ማስቲካ እያኘከች መስኮቱ ላይ ተደግፋለች። አሮጊቷና ጡሩንባ ወጥ ቤት ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከታች መዶሻ ይንኳኳል፣ ልጆች ይጮኻሉ። ቀጥሎ የቲኬት ሻጩ ድምፅ በተከራየ ማይክ መጣ።

«እሺ… አራተኛ። እዚህ ቤት ደወል ሠሪ ይኖር ነበር። ሰውየው ደንቆሮ ነበር። ስለዚህ ሚስቱ ለምሳ ስትጠራው አይሰማም። ስለዚህ ሌሎች ሰዎች ይመጡ ነበር።»

ተዋናይቷ ማስቲካዋን ዋጥ አድርጋ «ና ብላ!» ብላ ጮኸች።

ጭጭ። አንድ ሰው አሳለው። ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ «እና?» ሲሉ ተሰማ።

«አበቃ» አለ ቲኬት ሻጩ።

አሮጊቷ ቀስ ብላ ወደ ጡሩንባ ዞረች። «ገደለው» አለች። «ገድሎ ቀበረው!»

ጡሩንባን ሳቅ ያዛት። ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋን ብቻ ያንቀጠቅጠዋል፣ እንባዋን ያወርደዋል። አሮጊቷ ግን በሙሉ ድምፅዋ ሳቀች፤ ከውስጥ ተስቦ የወጣ፣ ያስነጠሳት፣ ግድግዳ ያስያዛት ሳቅ። ከታች የቆመው ሰው ሰምቶት ኖሮ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ እሱም መሳቅ ጀመረ። ተዋናይቷ አንገቷን ወደ ወጥ ቤቱ አስግጋ «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ምንም አልሆንን» አለች አሮጊቷ፣ ዓይኗን እየጠረገች። ትንፋሿን ሰበሰበች። ወደ ክፍሉ ገባችና አልጋውን ቆማ አየችው። «ካላችሁ አይቀር ይሄን አልጋ ወደ ግድግዳው አስጠጉልኝ። መስኮቱን ለመክፈት በሱ ላይ መንጠራራት ሰልችቶኛል።»

ተዋናይቷ ቀሚሷን ሰብስባ ከእግርጌ፣ ጡሩንባ ከራስጌ ያዙ። ከባድ ነበር። አልጋው ከቆመበት ሲነሳ ወለሉ ላይ አራት የእግር ምልክት ቀረ። አሮጊቷ በመጥረጊያ አቧራውን ብቻ ጠረገች፤ ምልክቱን አልነካችውም።

ጡሩንባ ስትወርድ ባሏ መግቢያው ደረጃ ላይ ወገቡን ይዞ ተቀምጦ አገኘችው። መደወል እንደማትችል አስቦ ነው የመጣው። ተደጋግፈው ሄዱ። አግኝቶት የማያውቀውን ዕድል አግኝቶ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ፣ እሷ ራሷን እየነቀነቀች ቤት ደረሱ፤ ልብሷን ሳትቀይር ተኛች።

ድምፅዋ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ፤ ግማሹ ብቻ። አለቃዋ ትንሽ ማይክ ገዛላት፤ ጉብኝቱንም በቀን አንድ አደረገላት፤ የቀረውን ቲኬት ሻጩ እንደምንም ይወጣዋል። በጡሩንባ ሰዓት መስኮቱ አንዳንድ ቀን ይከፈታል፣ አንዳንድ ቀን ይዘጋል። በተዘጋ ቀን ጎብኚው ቢያጉረመርምም ሳትቆም ታልፋለች። ሲደክማት ወደ ላይ ትወጣለች። አሮጊቷ ሩዝ ትለቅማለች፣ ጡሩንባ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ቀኑ እስኪመሽ ድረስ እንዲሁ ይቀመጣሉ።